ማይክል ፋራዴይ፦ ቤተ ሙከራውን እንደ ቤተ ጸሎት የጠበቀ ሰው

መግቢያ

እግዚአብሔርን በሥራ ማክበር ሲባል ለአብዛኞቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ከሥራ በፊትና ከሥራ በኋላ የሚደረገው ነገር ነው። ነጋዴው ሱቁን ሲከፍት ያማትባል። ሹፌሩ መስተዋቱ ላይ መቁጠሪያ ይሰቅላል። ተማሪው ፈተና ሲደርስ ስለት ይሳላል። ይህ ሁሉ መልካም ነው፣ ማንም አይነቅፈውም። ጥያቄው ያለው ግን መሀል ላይ ነው። ያማተበው ነጋዴ ሚዛኑ ልክ ነው ወይ? ስለት የተሳለው ተማሪ ወደ ፈተና ክፍል የሚገባው አጤሬራ ሳይዝ ነው ወይ?

እኔ የፊዚክስ ተማሪ ስለሆንኩ ጉዳዩን በራሴ ሙያ ነው የማየው። አንድ ቡድን ቤተ ሙከራ ገብቶ ፔንዱለም ሲያወዛውዝ ውሎ 9.8 መምጣት የነበረበት ቁጥር 8.6 ቢመጣበት ምን ያደርጋል? ሁላችንም እናውቀዋለን። ከመልሱ ተነስቶ ወደ ኋላ እያሰላ ሰንጠረዡን የሚሞላ ሞልቷል። ሪፖርቱ ያምራል፣ ማርኩም ይመጣል፣ እሑድ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ይኬዳል። በዚህ መሀል አንድም ሰው የተጎዳ አይመስልም። ታዲያ ምን ችግር አለው?

ለዚህ ጥያቄ መልስ ስፈልግ ያገኘሁት ሰው ስሙን በየቀኑ የምንጠራው፣ ሕይወቱን ግን ብዙዎቻችን የማናውቀው ማይክል ፋራዴይ ነው። ሕጉን ለፈተና እንሸመድዳለን፣ በካፓሲተር ጥያቄ ላይ ፋራድ የሚለውን መለኪያ እንጽፋለን፣ በቃ። በዚህ ጽሑፍ ሰውየውን ላስተዋውቃችሁ እሞክራለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የቀጥቃጩ ልጅ

ፋራዴይ መስከረም 22 ቀን 1791 ዛሬ የደቡብ ለንደን አካል በሆነው ኒውንግተን በተባለ ስፍራ ተወለደ። አባቱ ጄምስ ብረት ቀጥቃጭ ነበር። በእኛ አገር ቀጥቃጭ እንዴት ሲናቅ እንደኖረ ለሚያውቅ ሰው ይህ ቃል ክብደት አለው። በእንግሊዝ እንደዚያ የከፋ ንቀት ባይኖርም ድህነቱ ግን ያው ድህነት ነው። አባትየው በሽተኛ ስለነበረ እንደ ልቡ መሥራት አልቻለም። በ1801 የእህል ዋጋ ሲንር ለትንሹ ማይክል የሚሰጠው አንድ ዳቦ ለሳምንት ነበር። የአሥር ዓመት ልጅ አንድ ዳቦ ለሰባት ቀን አብቃቅቶ ሲበላ ይታያችሁ። ትምህርት ቤት የቆየው ማንበብ፣ መጻፍና ጥቂት ሒሳብ እስኪችል ብቻ ነው። እንደ እኛ ካልኩለስ አልተማረም፤ እስከ መጨረሻውም ድረስ ከፍተኛ ሒሳብ አያውቅም ነበር።

በ13 ዓመቱ ጆርጅ ሪቦ በተባለ መጽሐፍ ሻጭ ዘንድ ተላላኪ ሆኖ ገባ። በዓመቱ መጽሐፍ ጠራዥነት ለመማር ለሰባት ዓመት ተዋዋለ። ጌታው ደግ ሰው ስለነበር የሚጠረዙትን መጻሕፍት እንዲያነብ ፈቀደለት። ስለ ኤሌክትሪክ መጀመሪያ ያነበበው ለመጠረዝ ከመጣ ኢንሳይክሎፒዲያ ላይ ነው። ስለ ኬሚስትሪ ደግሞ ጄን ማርሴት የተባለች ሴት ከጻፈችው መጽሐፍ ተማረ። በዝነኛነቱ ዘመን እንኳን ይህቺን ሴት እንደ መጀመሪያ መምህሩ ሲያመሰግናት ኖሯል።

በ1812 አንድ ደንበኛ በሮያል ኢንስቲትዩሽን የሚሰጠውን የሰር ሃምፍሪ ዴቪን አራት ትምህርቶች የሚከታተልበት መግቢያ ሰጠው። ልጁ የሰማውን ሁሉ ጻፈ፣ በንጹሕ ገልብጦ በሥዕል አስደግፎ በራሱ እጅ ጠረዘውና ለዴቪ ላከለት። ወደ 300 ገጽ ይሆናል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ፋራዴይ ወደ ሳይንስ የገባው በዘመድ ወይም በምልጃ ሳይሆን በደንብ በተጠረዘ ደብተር ነው። መጋቢት 1 ቀን 1813 በሳምንት 25 ሺሊንግ እየተከፈለው፣ ሰገነቱ ላይ ሁለት ክፍል ተሰጥቶት በረዳትነት ተቀጠረ። ከዚያ ወዲህ ዕድሜውን በሙሉ ማለት ይቻላል እዚያው ሕንፃ ውስጥ አሳለፈ።

እምነቱ

የፋራዴይ ቤተሰብ ሳንዴማናውያን የሚባሉ የአንዲት ትንሽ ማኅበረ ምእመናን አባላት ነበሩ። ይህች ማኅበር የመነጨችው በ18ኛው መቶ ዘመን በስኮትላንድ ጆን ግላስ በተባለ አገልጋይ ነው፤ ስሟን ያገኘችው ግን ከአማቹ ከሮበርት ሳንዴማን ነው። ሰንበትን በጋራ ይውላሉ፣ በሁለቱ ጸሎቶች መካከል አብረው ማዕድ ይቆርሳሉ። ደሞዝ የሚከፈለው ካህን የላቸውም፣ ሽማግሌዎቹ በየሙያቸው ሠርተው የሚያድሩ ናቸው። በሐዋርያት ሥራ እንደተጻፈው ደምና ታንቆ የሞተ አይበሉም። ሀብት ማከማቸትን ደግሞ እንደ ኃጢአት ይቆጥሩታል፤ የተረፈው ለድኻ ነው።

ፋራዴይ ሰኔ 12 ቀን 1821 ከዚያው ማኅበር የሆነችውን ሳራ ባርናርድን አገባ። ከአንድ ወር በኋላ በማኅበሩ ፊት ቆሞ እምነቱን መሰከረ። ለሚስቱ እንኳን አስቀድሞ አልነገራትም፤ ነገሩ በእሱና በእግዚአብሔር መካከል መሆኑን ነው ያስረዳት። በ1832 ዲያቆን፣ በ1840 ሽማግሌ ሆነ። ሽማግሌ ሲሆን በተራው ይሰብካል፣ የታመሙትንና የተቸገሩትን ይጎበኛል። በአንድ ሳምንት ውስጥ ዓርብ ማታ በመኳንንቱ ፊት ስለ ማግኔት ያስተምራል፣ እሑድ ደግሞ ከልብስ ሰፊውና ከአናጺው ጋር ጎን ለጎን ተቀምጦ ይጸልያል።

የሚገርመው ግን በሳይንስ ትምህርቱ ላይ ሃይማኖት ብዙም አያነሳም ነበር። ለምን? እንደ እኔ ግንዛቤ ማንሳት ስላላስፈለገው ነው። ተፈጥሮን የሠራው እግዚአብሔር ነው፣ ሕጉንም የጻፈው እሱ ነው ብሎ ያምናል። እንዲህ ለሚያምን ሰው አንድን ቁጥር አሳስቶ መጻፍ የፈጣሪን ጽሑፍ እንደ መፋቅ ነው። እዚህ ላይ ነው መግቢያዬ ላይ ላነሳሁት ጥያቄ መልሱን ያገኘሁት። ሰንጠረዡን ከመልሱ ተነስቶ የሚሞላ ተማሪ መምህሩን ብቻ አይደለም የሚያታልለው።

ሌባ የተባለበት ጊዜ

የታማኝ ሰው ታማኝነት የሚፈተነው ሲጠረጠር ነው። መስከረም 1821 ፋራዴይ ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ሽቦ በማግኔት ዙሪያ እንዲሽከረከር አደረገ። የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ሞተር ይህ ነው። ደስ ብሎት ቶሎ አሳተመው። ችግሩ ከጥቂት ወራት በፊት ዊልያም ዎላስተን የተባለ የተከበረ ሳይንቲስት ከዴቪ ጋር ሆኖ ተቀራራቢ ነገር ሞክሮ ሳይሳካለት ቀርቶ ነበር። ፋራዴይ ስለዚህ ሙከራ ያውቃል፤ በጽሑፉ ላይ ግን የዎላስተንን ስም አልጠቀሰም። ከማሳተሙ በፊት ሊያነጋግረው ፈልጎ አላገኘውም፣ መታገሥም አልቻለም። ወዲያው ለንደን ውስጥ ወሬ ተነዛ፤ የመጽሐፍ ጠራዡ ልጅ የሰው ሐሳብ ሰረቀ ተባለ።

ምን አደረገ? አልሸሸም፣ አልተሳደበም። ራሱ ለዎላስተን ደብዳቤ ጽፎ ሄዶ አነጋገረው። የዎላስተን ሐሳብ ሽቦው በራሱ ዙሪያ እንዲዞር ነበር፣ የፋራዴይ ግኝት ግን ሌላ ነው። በ1823 የነገሩን ታሪክ በይፋ ጽፎ አወጣ። በዚያው ዓመት ለሮያል ሶሳይቲ አባልነት ሲታጭ ድጋፋቸውን ከፈረሙት አንዱ ዎላስተን ሲሆን፣ እጩነቱን አንሳ ብሎ የተቆጣው ግን ያሳደገው ጌታው ዴቪ ነበር! ጥር 1824 አንድ ድምፅ ብቻ ተቃውሞት ተመረጠ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው። ፋራዴይ ከዚያ በኋላም ስለ ዴቪ ክፉ መናገር አልወደደም፣ ውለታውን አልረሳም።

ከዚህ ነገር ትምህርት ወስዷል ለማለት የሚያስደፍረኝ በኋላ ያደረገው ነው። በ1834 ስለ ሽቦ ጥቅል ባወጣው ጥናት ላይ መነሻ የሆነችውን ነገር ያየው ጄንኪን የተባለ ሰው መሆኑን በግልጽ ጻፈ። ዝም ቢል ማንም የሚጠይቀው አልነበረም። አንደርሰን የተባለውን የቀድሞ ወታደር ረዳቱንም በታተመ ጥናቱ ላይ በስሙ አመስግኖታል። እስቲ ንገሩኝ፣ የቡድን ሥራ ሲቀርብ የሠራው ሰው ስም ተዘልሎ ያልሠራው ሲመሰገን አላያችሁም?

ያየውን መጻፍ

ነሐሴ 29 ቀን 1831 የዓለምን ታሪክ የለወጠ ቀን ነው። ፋራዴይ በአንድ የብረት ቀለበት ሁለት ወገን ሽቦ ጠመጠመ። አንዱን ከባትሪ፣ ሌላውን ማግኔታዊ መርፌ ካለችበት ሽቦ ጋር አገናኘ። የጠበቀው ባትሪው እስከተያያዘ ድረስ በሁለተኛው ሽቦ የማያቋርጥ ኤሌክትሪክ እንዲፈስ ነበር። ያየው ግን ሌላ ነው። ባትሪው ሲያያዝ መርፌዋ ብቅ አለችና ቆመች፣ ሲለያይም እንዲሁ ብቅ ብላ ቆመች። መሀል ላይ ምንም የለም።

እዚህ ጋ ቆም እንበል። ለሰባት ዓመታት ያህል በየጊዜው ሲሞክረው የነበረና ሲከሽፍበት የኖረ ሙከራ ነው። የከሸፉትንም ውጤት የለም ብሎ በደብተሩ መዝግቧቸዋል። አሁን የመጣው ደግሞ የጠበቀው መልስ አይደለም። አንድ ሌላ ሰው ቢሆን የመርፌዋን መንቀጥቀጥ እንደ ስሕተት ቆጥሮ ሊያልፈው ይችል ነበር። እሱ ግን ያየውን እንዳየው ጻፈ። ቁም ነገሩም እዚያች ቅጽበት ላይ ነበረ፤ ኤሌክትሪክ የሚወልደው የማግኔቱ መኖር ሳይሆን የማግኔቱ መለዋወጥ ነው። በጥቅምት ማግኔት በሽቦ ጥቅል ውስጥ እያስገባና እያወጣ፣ ቀጥሎም የመዳብ ሰሐን በማግኔት መካከል እያሽከረከረ ኤሌክትሪክ አመነጨ። ኅዳር 24 ቀን ለሮያል ሶሳይቲ አቀረበው።

በ1960 ሥራ ከጀመረው ከቆቃ ጀምሮ በ2025 እስከተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ድረስ ተርባይኑ የሚያዞረው ጀነሬተር የሚሠራው በዚችው ሕግ ነው። የአንድ ሰው ታማኝ ደብተር አገር ያበራል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ደብተሮቹ ዛሬም አሉ። ሙከራዎቹን በተራ ቁጥር ሲመዘግብ ኖሮ ቁጥሩ ከ16,000 አልፏል። ያልተሳካውም ተጽፏል። በ1849 የመሬት ስበትና ኤሌክትሪክ ዝምድና አላቸው ብሎ በጽኑ ስላመነ ከባድ ነገር ከላይ እየጣለ ሞከረ። ምንም አላገኘም። ዝም አላለም፤ አላገኘሁም ብሎ በይፋ አሳተመ። ኃይላት ሁሉ አንድ ምንጭ አላቸው የሚለው እምነቱ እንዳልተናወጠ ገለጸ፣ ማስረጃ ግን የለኝም አለ። እምነቱን ይዞ፣ ማስረጃ ሳይፈጥር። ይህ ለእኔ የሕይወቱ ትልቁ ስብከት ነው።

እምነት አለኝ ብሎም ተአምር የተባለውን ሁሉ አልተቀበለም። በ1853 በመናፍስት ኃይል ጠረጴዛ ይንቀሳቀሳል የሚል ወሬ እንግሊዝን አጥለቅልቆ ነበር። ፋራዴይ ቀላል መሣሪያ ሠርቶ ጠረጴዛውን የሚገፉት ሳያውቁት የራሳቸው የሰዎቹ እጆች መሆናቸውን አሳየና በጋዜጣ አወጣው። ሐሰት በእግዚአብሔርም ስም ቢመጣ፣ በመንፈስም ስም ቢመጣ፣ ለእሱ ሐሰት ነው።

ገንዘብና ክብር

በ1830 አካባቢ ለፋብሪካዎችና ለግለሰቦች የኬሚካል ምርመራ እየሠራ በዓመት ከ1,000 ፓውንድ በላይ የሚያገኝበት ደረጃ ደርሶ ነበር። ከሮያል ኢንስቲትዩሽን የሚያገኘው ደሞዝ በዓመት 100 ፓውንድ፣ ከቤት፣ ከከሰልና ከሻማ ጋር ነው። ከ1831 ግኝት በኋላ ግን የግል ሥራውን እየተወ ሄደ። በግኝቱም ላይ የባለቤትነት መብት አላወጣም። በቀጣዩ ዓመት ፒክሲ የተባለ ፈረንሳዊ በዚሁ መርህ ጀነሬተር ሲሠራ ገንዘቤን አልተባለም።

ይሄ የዋህነት አይደለም። ሥራውን የሚከፍለውን ሰው መሸጥ አልፈለገም እንጂ ድካሙን የሚያቃልል ሰው ፊትም አላጎነበሰም። በ1835 መንግሥት የጡረታ አበል ሊሰጠው ሲል ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሎርድ ሜልበርን ስለ እንዲህ ያለ አበል የንቀት ቃል ተናገሩት። ፋራዴይ አበሉን አልቀበልም ብሎ ወጣ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ በጽሑፍ ይቅርታ ከጠየቁት በኋላ ነው በዓመት 300 ፓውንዱን የተቀበለው። ትሕትና ማለት መረገጥ ማለት አለመሆኑን እዚህ እናያለን። የሮያል ሶሳይቲን ፕሬዚዳንትነት ሲያቀርቡለት ደግሞ እምቢ አለ። የሰር ማዕረግንም አልፈለገም፤ እስከ መጨረሻው ተራው ማይክል ፋራዴይ ሆኖ መኖር መረጠ።

የ1844 መከራ

ይህ ሰው መከራ ሳያይ አልኖረም። መጋቢት 31 ቀን 1844 የገዛ ማኅበሩ አገደው። ሽማግሌነቱም ተነሳ። እሑድ ከንግሥቲቱ ጋር ምሳ በልቶ ስለቀረ ነው የሚል ታሪክ ይወራል፤ የታሪክ አጥኚዎች ግን አይቀበሉትም። በማኅበሩ ውስጥ በሥርዓት ጉዳይ ክርክር ተነስቶ ነበር፣ የታገደውም እሱ ብቻ አልነበረም። ግንቦት 5 ቀን ይቅር ተባብለው ተመለሰ። በሥርዓታቸው መሠረት ግን ሁለተኛ ጊዜ የታገደ ሰው አይመለስም። እንግዲህ አስቡት፤ አውሮፓ በሙሉ የሚያከብረው ሰው ነው። ቢፈልግ ትቷቸው ወደ ትልልቆቹ አብያተ ክርስቲያናት ሄዶ በክብር ይቀመጥ ነበር። እሱ ግን በዚያች ትንሽ ማኅበር የኋላ ወንበር ላይ እንደ ተራ ምእመን ተቀመጠ። ሽማግሌ የሆነው እንደገና በ1860 ነው።

በሚቀጥለው ዓመት፣ መስከረም 13 ቀን 1845፣ ማግኔት የፖላራይዝድ ብርሃንን የመወዛወዝ አቅጣጫ እንደሚያዞር አገኘ። ለዚህ ሙከራ የተጠቀመው ከባድ መስታወት ከብዙ ዓመታት በፊት ለቴሌስኮፕ ይሆናል ተብሎ ሲለፋበት ከርሞ ያልተሳካለት መስታወት ነው። የለፋበት ሥራ በከንቱ አልቀረም።

ተራ ሥራም ሥራ ነው

ከ1836 ጀምሮ ወደ 30 ዓመት ያህል ለመርከብ መብራት ማማዎች አማካሪ ሆኖ አገልግሏል። ይህ ዝና የሚያመጣ ሥራ አይደለም፤ ጭስ፣ ዘይትና መስታወት ነው። መብራቱ ግን ከጠፋ መርከበኛ ይሞታል። በየካቲት 1860፣ በ68 ዓመቱ፣ በረዶ መንገዱን ዘግቶት እያለ አጥር እየዘለለ ሳውዝ ፎርላንድ ወደተባለው ማማ ደርሶ ኤሌክትሪክ መብራቱን ፈትሿል። ለልጆች በገና ሰሞን የሚሰጠውንም ትምህርት 19 ጊዜ ራሱ አስተምሯል። ስለ ሻማ ያስተማረው በመጽሐፍ ታትሞ ዛሬም ይነበባል።

በስተርጅና ማስታወስ ከዳው። በ1858 ንግሥት ቪክቶሪያ በሃምፕተን ኮርት መኖሪያ ቤት ሰጠችው። ነሐሴ 25 ቀን 1867 እዚያው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ዐረፈ። በዌስትሚኒስተር አቢ ከነገሥታትና ከኒውተን አጠገብ መቀበር ይችል ነበር፤ እሱ ግን በራሱ ምርጫ በሃይጌት መካነ መቃብር በቀላል ድንጋይ ሥር ተቀበረ።

ለእኛ ምን ይሆነናል?

አማኝ ስለሆነ ነው ታላቅ ሳይንቲስት የሆነው አልልም። ሳያምኑም ታማኝ ሆነው የሠሩ አሉ፣ አምነውም የሚያጭበረብሩ ሞልተዋል። የምለው ይህን ነው፦ በፋራዴይ ሕይወት እሑድና ሰኞ አልተለያዩም። ጸሎት ቤት ያመነውን ቤተ ሙከራ አልካደም።

አንዳንዱ ይህ ለእንግሊዝ ነው፣ እኛ ድኾች ነን፣ ማርክ ካልመጣ ሥራ የለም ይል ይሆናል። ጭንቀቱን እረዳለሁ፤ ግን አንድ ዳቦ ለሳምንት የበላ ልጅ ነው የነገርኳችሁ። ደግሞስ ዛሬ የፔንዱለሙን ቁጥር የፈጠረ ተማሪ ነገ የድልድይ ብረት ሲለካ፣ የመድኃኒት መጠን ሲመረምር፣ የቀበሌ ሒሳብ ሲዘጋ ማን ያስተካክለዋል? እጅ የለመደውን ነው የሚሠራው።

ስለዚህ ወንድሞችና እህቶች፣ በሚቀጥለው ሳምንት ቤተ ሙከራ ስንገባ 8.6 ከመጣ 8.6 ብለን እንጻፍ። ከሥሩ ለምን እንደመጣ እንመርምር፤ ምናልባት ክሩ ረዝሞ ይሆናል፣ ምናልባት ሰዓቱ ፈጥኖ። ማርኩ ቢቀንስም ያቺ ገጽ ንጹሕ መሥዋዕት ናት። እግዚአብሔር የእጆቻችንን ሥራ ይባርክ።